መሣሪያ ሊሞክር ተራራ የወጣው ተጓዥ

የእግር ጉዞ እግር ያለው ሁሉ የሚያደርገው ተራ ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ካለ፣ የየካውን የተጓዦች ማኅበር አያውቅም ማለት ነው። ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ማኅተምና ባለ አሥራ አራት አንቀጽ መተዳደሪያ ደንብ አለው። እስካሁን የቀረው መጓዝ ብቻ ነበር፤ እሱም ለጥቅምት ተይዟል። ስምንት ቀን፣ በሰሜን ተራሮች።

በአንቀጽ ዘጠኝ መሠረት ማንኛውም አባል ከታላቁ ጉዞ በፊት ሙሉ መሣሪያውን ተሸክሞ፣ ብቻውን አንድ ሌሊት ተራራ ላይ አድሮ፣ መሣሪያው ስለ መፈተሹ ማኅተም ያረፈበት ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ያላቀረበ ይቀራል። ከአባላቱ አንዱ ኤልቃና ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ የዓመት ፈቃዱን ሳይነካ ያስቀመጠው ለዚሁ ጉዞ ነው።

እንጦጦ ፓርክን ገና ሲያቅድ ሰረዘው። ማኪያቶ የሚሸጥበት ተራራ መሣሪያ አይፈትንም። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሃያ ሦስት ኪሎ ሻንጣ አዝሎ፣ በየእጁ ምርኩዝ ይዞ፣ ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን የባሕር ዛፍ ዳገት ተያያዘው። በየሃምሳ እርምጃው ይቆማል። ይህ ድካም ሳይሆን፣ በዕቅዱ ላይ እንደ ሰፈረው፣ «የመልክዓ ምድር ምልከታ» ነበር።

አራተኛው ምልከታ ላይ እያለ እማማ ብዙነሽ ከላይ መጡ። የተሸከሙት ቅጠልና ጭራሮ ከቁመታቸው ይበልጣል፤ ትንፋሻቸው ግን በቦታው ነው።

«ምነው ልጄ፣ ምን ቢጭኑብህ ነው?»

«ማንም አልጫነብኝም እማማ። ራሴ ነኝ።»

«ወዴት ልታደርሰው?»

«የትም። አሳድሬው እመለሳለሁ።»

እማማ ብዙነሽ ሸክምን ተራራ አውጥቶ፣ አሳድሮ ስለ መመለስ ጥቂት አሰቡበት። «ውስጡ ምንድን ነው ግን?»

«መሣሪያ ነው። ጫካ ገብቼ ልሞክረው ነው።»

«ብቻህን?»

«ለዛሬው ብቻዬን ነኝ። ሌሎቹ በየተራ ይመጣሉ።»

እማማ «በርታ» አላሉትም። ያን ሁሉ ጭራሮ እንደ ተሸከሙ፣ እሱ ባዶ እጁን በማይሮጠው ፍጥነት ቁልቁል ወረዱ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሦስት የደን ጠባቂዎች ከበቡት። አለቃቸው አቶ ገብረ ክርስቶስ ናቸው።

«እጅህን ከሻንጣው አርቅ። መሣሪያ ይዘሃል ተብሏል።»

«አዎ፣ ሙሉ ነው» አለ ኤልቃና፣ በመጨረሻ ነገሩ የሚገባው ሰው በማግኘቱ ደስ ብሎት። «ከውጭ ነው ያስመጣሁት። አንድ ሰው ብቻውን በሦስት ደቂቃ ይተክለዋል።»

ከጠባቂዎቹ አንዱ ቀስ ብሎ ዛፍ ጀርባ ገባ።

ሻንጣው ተከፈተ። ድንኳን ወጣ። የመኝታ ከረጢት፣ መዳፍ የምታክል ምድጃ፣ ፊሽካና ትራስ ተከተሉ።

«መሣሪያው የታለ?»

«ይኸው፣ ይህ ሁሉ።»

አቶ ገብረ ክርስቶስ ትራሱን ገለባብጠው አዩት። «ይሄ ትራስ ነው።»

«የሚነፋ ነው።»

«ቤት የለህም እንዴ ወንድሜ?»

«አለኝ፤ እዚሁ ታች።»

«ከሚስትህ ተጣልተህ ነው?»

«አላገባሁም።»

ጥርጣሬው ያን ጊዜ ወደ ሐዘኔታ ተለወጠ። እንዲያድር ፈቀዱለት፤ አደረም። ድንኳኑ ውሃ አላስገባም፣ ምድጃዋ ነደደች፣ ትራሱ እስኪነጋ አልተነፈሰም። በጠዋት ጥበቃ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

«ፍተሻ መደረጉን የሚገልጽ ወረቀት ቢሰጡኝ?»

«የፈተሽነው እኛ፤ ለምን አንሰጥህም?» አሉ አቶ ገብረ ክርስቶስ። ጽፈው ማኅተም መቱበት። ኤልቃና ማኅተሙን ካየ በኋላ ጽሑፉን ማንበብ አላስፈለገውም።

በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ስብሰባ ወረደ። ሊቀ መንበሩ ዘመንፈስቅዱስ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ለጉባኤው አነበበው።

«ኤልቃና የተባለው ግለሰብ ተራራ ላይ ብቻውን ተገኝቶ በተደረገበት ጥብቅ ፍተሻ፣ ከመኝታ ዕቃና ከትራስ በቀር ምንም ዓይነት መሣሪያ ያልያዘ መሆኑ ተረጋግጧል።»



«ኧረ ዘሜ፣ ይህን ዕቃ አንድ በአንድ ያስመረጥከኝ አንተ አይደለህ?» አለ ኤልቃና። ሻንጣውን ገና ከጀርባው አላወረደም።

«እንደ ጓደኛ አውቃለሁ። እንደ ሊቀ መንበር ግን፣ ማኅተም ያለበትን ወረቀት በዓይኔ በማየው ነገር ልሽረው አልችልም።»

አባሉ መሣሪያ እስኪያሟላ ከጥቅምቱ ጉዞ እንዲቀር የውሳኔ ሐሳብ ቀረበ፤ በሙሉ ድምፅም ጸደቀ። ኤልቃናም ደንብ አክባሪ ነውና እጁን አወጣ፤ የሻንጣው ማንገቻ ስለ ያዘው ብቻ ትንሽ ዘግይቶ።