ለደባርቅ ልጅ ደባርቅን ማስጎብኘት

በእኛ አገር ሰው ተራራ ለማየት ብሎ ከቤቱ አይወጣም። ተራራው ሁልጊዜም አለ፤ ማን ወስዶት? መንገድ የሚያስወጣን ሠርግ፣ ንግሥ ወይም ሞት ነው። ገደሉን በመኪና መስኮት የምናየውም ሾፌሩ እያየው መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። ስለዚህ አንድ ባልንጀራችሁ ከመሬት ተነሥቶ «ና እስቲ አየር እንቀበል፣ ጠጅም እንቅመስ፤ ጋባዡ እኔ ነኝ» ቢላችሁ መጠርጠር መብታችሁ ነው።

አንድ ቅዳሜ እንዲህ ያልኩት እኔ ነበርኩ። የጋበዝኩት ይርጋን ነው፤ ዳባት ውስጥ አንድ ግቢ አብሮኝ ተከራይቶ የሚኖር ባልንጀራዬ ነው። ላስጎበኘው ያሰብኩት ደግሞ ደባርቅን ነው። ይርጋ ተወልዶ ያደገው ደባርቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቱ እማማ ጥሩነሽ ለሕክምና ብለው አዲስ አበባ ሴት ልጃቸው ዘንድ ከሄዱ ሰንብተዋል። በዋዜማው አጎቱ ጋሽ ወርቁ ከደባርቅ ደወሉልኝ። እማማ ዐርፈዋል፤ እዚያው ተቀብረዋል።

«እንዳታሳውቀው ልጄ» አሉኝ። «እሑድ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ ይነግረዋል። እስከዚያ አብላው፣ አጠጣው፤ ከዚያ በኋላ እህል አይወርድለትም። ነገ ሲመሽ እኔ ቤት አምጣልኝ። አደራ።»

እኔ አንድን ነገር ደጋግሜ ሳላስብ የማልነካ ሰው ነኝ። የት እንደምንበላ፣ የት እንደምንጠጣ፣ ዝምታ ሲመጣ ምን እንደማወራ ሳይቀር አሰናዳሁ። ለማግስቱ ለቅሶ ሁለት ነጠላ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። አንዱ ለእሱ ነው። ከዚህ በላይ ጥንቃቄ ከየት ይመጣል?

ሚኒባሱ ከዳባት ሲወጣ ዝምታው መጣ። «ያ ገብስ ነው» አልኩት በመስኮት እያሳየሁ።

«እንዴ፣ ገብስ ነው? ያኛውስ፣ ረዘም ያለው?»

«ባሕር ዛፍ።»

«አንተ ባትኖር ሳላውቀው እሞት ነበር» አለኝ።

ደባርቅ ጠጅ ቤት ስንገባ ባለቤቷ ገና ከበር አወቀችው። ብርሌውን ከመስጠቷ በፊት እንደ ደንቡ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች፤ ብርሌያችንን ፊታችን አስቀምጣም «እናትህስ እንዴት ሆኑ?» አለችው። ይህን አላሰብኩም ነበር። ያለኝ መላ ብርሌዬን መድፋት ብቻ ነበር፤ ደፋሁት።

ይርጋ የሚንጠባጠበውን ጠጅ ከጠረጴዛው ላይ በእጁ እየጠረገ «ደህና ናት፣ ተመስገን» አላት። ከዚያ ጠጣ፤ ቀስ ብሎ። «ማሩ የቆላ ነው። ጥሩ ነው። እናቴ የምትጥለው ግን ይበልጣል።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ሊማሊሞ ወጣን። ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጥን። ከእግራችን ሥር ደመና ተኝቷል፤ የተራሮቹ ጫፍ ብቻ ከላዩ ብቅ ብቅ ብሏል። አምሮ ነበር። እንዲያ ማማሩ እኔን አናደደኝ። ነፋሱ ሲበረታ ይርጋ ቦርሳዬን ሳበና ከፈተው። ሁለቱን ነጠላ አወጣና ጉልበቱ ላይ አስቀመጣቸው።

«የእኔ የትኛው ነው?»

ቦርሳዬን መልሼ ወደ ራሴ ሳብኩ።

«እማማ ከሄደች ጀምሮ 'እናትህ እንዴት አደሩ?' ሳትለኝ ፊትህን ታጥበህ አታውቅም» አለ ደመናውን እያየ። «ዛሬ አላልከኝም።»

ያልጠየቅኩት መዋሸት ፈርቼ ነበር። «ታዲያ እያወቅህ ለምን መጣህ?» አልኩት።

«እስክትነግሩኝ ድረስ አልሞተችም ብዬ። አንድ ቀን ልጨምርላት።» ነጠላዎቹን በእጥፋታቸው መለሳቸው። «ለጋሽ ወርቁ እንዳትነግርብኝ። ስንት ሰው ሰብስበው ይሆናል።»

ጎህ ሲቀድ ነገሩት። አስመሰለ እንዳትሉብኝ። ቀኑን ሙሉ አፍኖ የዋለውን ለቀቀው እንጂ፤ ሦስት ሰው ይዞ አላቆመውም። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነጠላው ከትከሻው በወደቀ ቁጥር እመልስለት ነበር።

ጋሽ ወርቁ ዓይናቸውን እየጠረጉ መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ። «ተባረክ። ምንም ሳይጠረጥር አመጣህልን።» አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላቸው።

ከዚያ ወዲህ ስሜ ወጥቷል። ከዳባት እስከ ደባርቅ መርዶ ያለበት ቤት ሁሉ «ያን ጠንቃቃ ልጅ ጥሩት» ይላል። ችግሩ፣ እንዲያው በደህና ቀን አንዱን ጓደኛዬን «ና አየር እንቀበል» ካልኩት ፊቱ ይገረጣል፤ መልስ ከመስጠቱ በፊት እናቱ ዘንድ ይደውላል።

ሳይደውል ተነሥቶ አብሮኝ የሚሄደው ይርጋ ብቻ ነው። እሱ የሚደውልላት የለችውም።