ሸክላ ሠሪው አማች

ጭቃ ጥፍር ውስጥ ከገባ ቶሎ እንደማይወጣ ታውቃላችሁ? እኔ ገና አሁን ነው ያወቅሁት። ደስ ይላል! ጣቶቼ አያርፉም፤ ዳቦ ይዤ እንኳ ጠርዙን ሳበጃጅ እገኛለሁ።

በፊት ሰርግ ነበር የምቀርጸው። ሶዶ ውስጥ ካገባችሁ፣ "አንገት ቀና!" እያልኩ የጮህኩባችሁ ምናልባት እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ባለቤቴ አረፈች። ከዚያ ወዲህ ሙሽራ ባየሁ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚንቀጠቀጥ ሰርግ ማን ይፈልጋል? ካሜራውን ሸጥኩት።

ልጃችን ፌቨን ገና ሕፃን ናት። እናቷ ከሄደች ወዲህ ሳቅ የሚባል ጠፍቶባት ነበር። አንድ ቀን ሸክላ የምትሠራው ጎረቤታችን እትዬ ማርታ ጭቃ ቆርሳ ሰጠቻት። "አባዬ፣ ላም ሥራልኝ" አለችኝ። ሠራሁ። "ይቺማ ድንች ናት!" ብላ ሳቀች። ሳቀች እኮ! በማግስቱ እትዬ ማርታን አስተምሪኝ አልኳት። "ወንዱ? ሰው ምን ይላል?" አለችኝ። የመጀመሪያ ሥራዎቼን እሳቱ ሰነጣጠቃቸው። ብታምኑም ባታምኑም፣ አልከፋኝም!

የሰው ወሬ ግን የባለቤቴ እናት ያሉበት ገሱባ ደረሰ። እኛ ጋ ትልልቅ ሰዎች ሸክላ ይወዳሉ፤ ሸክላ ሠሪ አይወዱም። በድስቱ በልተው ሠሪውን ከደጅ ይመልሳሉ። አማቴ በጠዋት ሚኒባስ መጡ።

"ልጄን ቀበርኩ። የልጅ ልጄን ደግሞ ሸክላ ሠሪ ያሳድግብኝ? ልብሷን አዘጋጅ" አሉኝ።

ሐዘናቸው ሐዘኔ ነው። ልብሷን ልሰበስብ ጓዳ ገባሁ። ወዲያው ከጓሮ ሳቅ ሰማሁ። ፌቨን አያቷን ጎትታ ጭቃው ዘንድ አስቀምጣቸዋለች። "አባዬ ላም አይችልም፤ አንቺ ሥሪልኝ!" ትላለች። አማቴ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጥለው ቀንድ ያበጃሉ።

"እንደ እናቷ ነው የምትስቀው" አሉኝ። አለቀስን። ስለ ልብሱ ዳግም ያነሳ የለም።

ሲሄዱ አንድ ሳህኔን አንስተው፣ "ለዳጣ በርበሬ ይሆናል" ብለው ይዘውት ሄዱ። ልበር ምንም አልቀረኝም!

በቀደም ገሱባ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ለጎረቤቶቻቸው ዳጣ በሳህኔ አቅርበዋል። አንዷ ሳህኑን እያገላበጠች ማን እንደሠራው ጠየቀች።

"ሶዶ ነው የገዛሁት። ሠሪውን የት አውቄው" አሉ አማቴ።

"ለእኔም አንድ በኖረኝ!"

አማቴ ወደ እኔ እንኳ ሳይዞሩ፣ "አማቼ እዚያው ነው የሚኖር። ፈልጎ ያገኝልሻል" አሏት።

እየፈለግሁት ነው።