አያ ደምሌ አልለካም ያሉ ዕለት

በእኛ በላስታ መለካት ደግ ወሬ ይዞ መጥቶ አያውቅም። ያኔ መሬት እንደገና ሲደለደል ማሳችን በገመድ ተለካ፤ አባቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ያረሱት መሬት በአንድ ጠዋት አነሰ። ታዲያ ሊለካን የመጣን ሰው ብንጠረጥር ይፈረድብናል?

አጎቴ አያ ደምሌ የብልባላ ሰው ናቸው፤ ያውም የሰፈሩ ቀባሪ ዕድር፣ የቅሬው ዳኛ። ሰው ሲሞት አስከሬኑን በገመድ ለክተው መቃብር የሚያስቆፍሩት እሳቸው ናቸው። እኒህን ሰው ስትሮክ ጣላቸውና አንደበታቸው ተያዘ፤ ጉሮሯቸውም ውሃ እንኳ አልቀበል አለ። ተሸክመን ላሊበላ ሐኪም ቤት አስተኛናቸው።

ሲስተሯ ምግብ በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ እንደሚሰጣቸው ነገረችን። ሰው ሁሉ እኩል ስላልሆነ ቱቦው በራሳቸው ገላ መለካት አለበት፤ ካጠረ ጨጓራ ሳይደርስ ይቀርና የሚሰጣቸው ወተት ሳንባ ሊገባ ይችላል አለች። ከዚያ የቱቦውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ ይዛ ወደ ጆሯቸው ስትዘረጋው፣ አያ ደምሌ በደህናው እጃቸው ጋቢያቸውን ጎትተው ተከናነቡ።

ተጋድሞ የሚለካ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል? መቃብር ከአፍንጫ ተጀምሮ ተለክቶ አያውቅም ብዬ ተከራከርኩ። ጋቢው ንቅንቅ አላለም። እህል ከቀመሱ ሁለት ቀን አልፏል። ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር ተናደድኩባቸውም። መቃብር ፈርቶ በራብ የሚሞት ሰው የት አገር አለ?

ደግነቱ ቱቦው ሲገባ ቀና ብሎ መቀመጥ ግድ ነውና ሲስተሯ ትራስ ደራርባ አስቀመጠቻቸው። አያ ደምሌ ጋቢውን ገለጥ አድርገው ራሳቸውን ተመለከቱ። ተቀምጦ የተለካ ሬሳ በዘመናቸው አላጋጠማቸውም መሰለኝ፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ሰጧት። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ፣ ከጆሮ እስከ ደረት አጥንት ግርጌ ለካች። ልኩ ላይ ፕላስተር ለጥፋ፣ ቱቦው ከገባ በኋላ ይህ ምልክት ከአፍንጫቸው ራቅ ካለ ምንም እንዳትሰጧቸው፣ ጥሩኝ አለችን። የመጀመሪያው ወተት ሲወርድላቸው አለቀስኩ።

ከሳምንታት በኋላ ጉሮሯቸው ተከፈተ፤ ቱቦው ወጣ፤ አንደበታቸውም እየተጎተተ ተመለሰ። ምስጋና ይሆናል ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። እሳቸው ግን የጠየቁኝ ልኬ ስንት ሆነ ብለው ነው። አንድ ክንድ ከጥቂት ጣት አልኳቸው።

ክንዳቸውን ዘርግተው አዩት። ከዚያ ይህን ልክ ለቅሬው ሰዎች ትንፍሽ እንዳልል አስማሉኝ፤ ከሰሙ አሳጥረው ነው የሚቆፍሩልኝ ብለው።