የእማማ ኬዚያ ጆሮ

ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው የጉሮሯቸው መጠረግ ነበር፤ አጠር፣ አጠር፣ ከዚያ ረዘም። ፔሬሲ ዛሬም፣ ያ ሁሉ ዘመን አልፎ ሽበት በቅሎባት ሳለ፣ በምትሠራበት ሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛ በሽተኛ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሳታስበው ጀርባዋን ቀና ታደርጋለች። በኪጌዚ ኮረብታዎች እማማ ኬዚያ ጉሮሯቸውን ከጠረጉ ከሰማይ መልእክት መጥቷል ማለት ነበርና።

እግዚአብሔርን ስለ ራሱ መጠየቅ የሚሰንፍ ሰው በየቦታው ሞልቷል፤ የሌላውን ጉዳይ ተሸክሞ የሚጠይቅ ሰው የሌለበት መንደር ግን ከቶ አይገኝም። እማማ ኬዚያ የዚህ ወገን አለቃ ነበሩ። ፍየል ለሚገዛውም ጥርሱን ለሚያስነቅለውም ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ጠይቀኸዋል?» አንዲት አዲስ ሙሽራ ቦሎቄው ላይ ጨው ልትጨምር እጇን ብታነሣ «ጠይቀሽዋል?» አሏት። ሙሽሪት ደንግጣ ጨውን መለሰችው። ያን ቀን ቦሎቄው ያለ ጨው ተበላ፤ እንግዳው ሁሉ ጣፈጠ አለ።

«የዳኑት» የሚባሉት የጸሎት ወንድሞችና እህቶች ወግም ያግዛቸው ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእማማ ኬዚያ ሳሎን ይሰበሰባሉ። በሬ የሚሸጥ፣ ሚስት የሚያገባ፣ አገር የሚለቅ ሁሉ ሐሳቡን በመካከል ያስቀምጥና «ብርሃን» እስኪመጣ ዝም ይባላል። ብርሃኑ በማን ጉሮሮ በኩል እንደሚመጣ የማያውቅ አልነበረም።

ወንድም ኤሪያቡ ጣሪያው ባፈሰሰ ጊዜ፣ ሣር ልድገም ወይስ ቆርቆሮ ልምታ ብሎ ብርሃን ሲጠብቅ ክረምቱ ደረሰበት። ከኮቱ ውሃ እየተንጠባጠበ መጣና «ዝም አለኝ እኮ፣ እማማ» አለ።

«እሱማ ዝም አላለም። አፍህን ያልዘጋኸው አንተ ነህ። ደግሞስ አናትህ ላይ ውሃ እያፈሰሰልህ፣ ከዚህ በላይ ምን ብሎ ይንገርህ?»

ኤሪያቡ በማግሥቱ ቆርቆሮ ሲመታ ዋለ።

አንድ ጊዜ ደግሞ እማማ ኬዚያ ወደ ካባሌ ከተማ ሊሄዱ አንድ እግራቸውን አውቶቡስ ላይ ካሳረፉ በኋላ «በዚህ አይደለም» ብለው ወረዱ። ያ አውቶቡስ በሰላም ገባ። እሳቸው የተሳፈሩበት ተከታዩ ግን ዳገቱ መሐል ተሰበረ። ሾፌሩ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ «እማማ፣ ዛሬስ ጆሮዎ ሸወደዎት» አላቸው። እሳቸው ድንጋይ ላይ ተደላድለው ተቀመጡና «ልጄ፣ አንተን እንዲህ ተንበርክከህ የማገኝህ በምን ሌላ መንገድ ነበር?» አሉት። በቀጣዩ ቅዳሜ ሾፌሩ ሳሎኑ ውስጥ ታየ። ከዚያ ወዲያ ቀርቶም አያውቅ።

ፔሬሲ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያደገችው አክስቷ በሆኑት በእማማ ኬዚያ ዘንድ ነው። ውሃ የምትቀዳው፣ ድንች የምትቆፍረው፣ ሲመሽና ዓይናቸው ሲደክም መጽሐፍ ቅዱስ የምታነብላቸው እሷ ነበረች። በዚያ ቤት ሌላ ሰው አልነበረም። ሩቅ ከተማ፣ ምባራራ ያለ የነርሶች ትምህርት ቤት የተቀበላት ጊዜ ደስታዋን ውጣ ሰነበተች። በመጨረሻ እየፈራች አነሣችው።

«አክስቴ፣ እርስዎ ቢጠይቁልኝስ?»

«አንቺ ጆሮ የለሽም?»

«አለኝ። ግን የምሰማው የእሱን ድምፅ ይሁን የራሴን ልብ አልለየሁትም።»

«ልብሽ ይቸኩላል፤ እሱ አይቸኩልም። ልብሽ ይጮኻል፤ እሱ በስምሽ ጠርቶሽ ይጠብቃል» አሉና ድንቹን መላጥ ቀጠሉ። «ቅዳሜ ይቅረብ።»

እስከ ቅዳሜ ስለ ጉዳዩ ሌላ ቃል አልተነገረም። ፔሬሲ ግን መልሱን ከወዲሁ ያወቀችው መሰላት። ብቻቸውን የሚቀሩ አሮጊት ከሰማይ ምን ሊሰሙ ይችላሉ?

ቅዳሜ ጉዳዩ ቀረበ። በየኩባያው የተቀዳው የማሽላ ቡሼራ ሳይነካ ቆየ። ሁሉም የእማማ ኬዚያን ጉሮሮ ይጠብቃል፤ ጉሮሮው ግን አልተጠረገም። ወንድም ኤሪያቡ ሳል አምልጦት ሰው ሁሉ በተስፋ ወደ እሱ ሲዞር በኀፍረት አንገቱን ደፋ።

በመጨረሻ ሾፌሩ «እማማ፣ ብርሃን የለም?» አለ።

«ድምፅማ ሰምቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «‹ትቅር› ይላል። ሳምንቱን ሙሉ ‹ትቅር› ሲለኝ ነው የከረመው።»

ፔሬሲ ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ጣለች።

«ግን ይቸኩላል። ይጮኻልም። የማን እንደሆነ ለይቼዋለሁ። ‹ሲመሽ ማን ያነብልኛል?› የምትል የአንዲት አሮጊት ድምፅ ነው። ይህንኑ የእሱ ነው ብዬ ልሰጣችሁ ጉሮሮዬን ልጠርግ ምንም አልቀረኝ። ይቅር በሉኝ፣ ወንድሞቼ።»

ፔሬሲ ቀና ብላ አየቻቸው። የሰማይን ሐሳብ ሁሉ ሲነግሯት ፈርታቸው ኖራለች፤ እንደዚያች ቅጽበት ግን ወድዳቸው አታውቅም።

«ታዲያ ማን ይንገረን?» አለ ኤሪያቡ።

«ልጅቱ ትጠይቀው። እኔ እዚህ ከተጎለትኩ የምትሰማው እኔን ነው።»

በዚያ አገር ሳይሰናበቱ መሄድ ነውር ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ልጆች፣ ላሞቹም ጭምር፣ ደኅንነታቸው ይጠየቃል። የእማማ ኬዚያ ስንብት ደግሞ ከጉባኤው ይረዝማል እየተባለ ይታሙበት ነበር። ያን ቀን ግን በትራቸውን አነሡ፤ የተዘረጋውን እግር ሁሉ በጥንቃቄ ተሻግረው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ፣ ከገዛ ቤታቸው ወጡ።