በቧንቧው ውስጥ ያሉት ሽማግሌ

ሰው ርካሽ ዕቃ ሲገዛ ዋጋውን እንጂ አብሮት ምን እንደሚመጣ አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅኩም። አዘዞ ሰፈራችን እየዞረ አሮጌ ዕቃ የሚለቃቅመው ቁራሌ፣ ከተዘጋ ቤተ ሙከራ የወጣ ነው ብሎ የሳሕን ስፋት ያለው ጎድጓዳ መስታወት ሲያሳየኝ እጄ ከአእምሮዬ ቀድሞ ኪሴ ገባ። የፎቶኮፒ ማሽን ጠጋኝ ነኝ፤ መስታወት ሳይ አያስችለኝም።

ሐሳቤ ቴሌስኮፕ መሥራት ነበር። አትሳቁ! ጎድጓዳው መስታወት ብርሃን ይሰበስባል፤ ከሞተ ማሽን የነቀልኳት ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት ወደ ጎን ትመልሰዋለች፤ ከተሰበረ ባይናኩላር ያወጣሁት ሌንስ ያጎላዋል። አካሉ የውሃ ቧንቧ ነው፣ ያውም ሰፊው። የጨረቃን ጉድጓዶች ከአዘዞ ሆኖ ለማየት ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? ባለቤቴ ግን መስታወቱን በአሮጌ ነጠላዋ ሸፈነችና፣ የማንን ፊት ሲያይ እንደኖረ ሳይታወቅ ቤቴ አይገባም አለች። ሳቅኩባት። ምነው ባልሳቅኩ!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎድጓዳውን ከቧንቧው ግርጌ አጣብቄ፣ ትንሿን መስታወት ገና ሳልገጥም፣ ሙጫው እንዲደርቅ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ላይ አጋደምኩት። አያ ዘለቀ የመጡት ይኼኔ ነው። የባለቤቴ አጎት ናቸው፤ ከገጠር፣ ከድብ ባሕር የወረዱት የዓይን ሞራቸውን ለማስገፈፍ ነበር። ስንት ዓመት ዓለሙን በጭጋግ ሲያዩ ኖረው ፋሻው የተፈታላቸው በዚያው ቀን ጠዋት ነው። የደረሱበትን ሁሉ ጎንበስ ብለው ያያሉ። ቧንቧው አፍ ላይም ጎንበስ አሉ። ቀና ግን አላሉም።

ከዚያ አያ ዘለቀ ቀስ ብለው፣ አባቴ፣ አሉ።

በኋላ እንደነገሩኝ፣ የሞቱት አባታቸው እዚያ ውስጥ አሉ። ፊታቸው ገዝፏል፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። የሚለው አልጠፋኝም አሉ አያ ዘለቀ፤ ተዝካሬን ነው የሚለኝ። አባታቸው ሲሞቱ እሳቸው ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ተዝካሩ ከርሞ፣ ከርሞ ሲባል ስንት ክረምት አለፈ። አሁን ግን ከጥማዱ አንዱን በሬ አርዳለሁ አሉ። እኔ እንኳ፣ ዘመናዊ ሰው ነኝ ብዬ የአባቴን ተዝካር ከነጭራሹ ትቼው የለም? ምን ሆንኩ?

ዳሩ ጥማድ ሲፈርስ እርሻም አብሮ ይፈርሳል። የሽማግሌው የዓመት እንጀራ በእኔ ቧንቧ ሊሄድ ነው! ስለዚህ፣ አያ፣ ያዩት እኮ የራስዎን ፊት ነው፤ ጎድጓዳ መስታወት ፊት ያጎላል አልኳቸው። አዩኝ። ምነው ልጄ፣ የራሴን ፊት አላውቀውም? እኔ እንዲህ አርጅቻለሁ? አሉኝ። ፊታቸውን በደህና ዓይን ያዩት ጢማቸው ጥቁር ሳለ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ተረትኩ። በማግስቱ ወደ ድብ ባሕር ወጡ።

በሬው ታረደ። ካህናቱ ጸለዩ፣ አገሩ በላ፣ ጠላውም ተጠጣ፣ እኔም አጥፊው ከሁሉ አስበልጬ በላሁ። አንድ ጎረቤታቸው ለክረምቱ የራሱን በሬ ሊያውሳቸው በሰው ፊት ቃል ገባ። አያ ዘለቀ፣ ሸጋ ሆነ፣ አባቴ አሁን ዐረፈ ብለው እንደ ሕፃን ተኙ።

አዘዞ ስመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ቧንቧው በነጠላ ተሸፍኖ አግዳሚው ላይ ተጋድሟል። ገለጥኩትና ለሳይንስ ብዬ ጎንበስ አልኩ።

አባቴ ነበሩ። የእኔ አባት። ያ የተቋጠረ ግንባር፣ ሥራ ስናበላሽ የሚጠብ ያ ግራ ዓይን። ፈራሁ፣ ምን እደብቃለሁ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ እኔ ግን አፌን ገጥሜ የነበረ ይመስለኛል።

ጎድጓዳ መስታወት ፊት እንደሚያጎላ አውቃለሁ። ያስረዳሁት እኮ እኔው ነኝ! ነጠላውን ቀስ ብዬ መለስኩና፣ ከግቢው ሆኜ ባለቤቴን ጠየቅኳት፦ ጌሾ አለን?