ሳልወጋ ያነከስኩ ዕለት

መርፌ ያልወጋ ሐኪም፣ ሐኪም ይባላል? ክኒንማ ባለሱቁም ይሸጣል። እኛ ሰቆጣዎች ጤና ጣቢያ ሄደን ሳንወጋ ከተመለስን፣ ሠርግ ተጠርተን ጦማችንን የወጣን ነው የሚመስለን።

የጎረቤቴ ልጅ አስካለ የነርስ ተማሪ ሳለች ለልምምድ ስትመጣ እንዴት ትመቸኝ ነበር! "አንቺ ልጅ፣ ውጊኝ ብያለሁ!" ብዬ ስቆጣት፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ዋናዋን ነርስ ለምና ታስወጋኛለች። ተመርቃ ስትመለስማ ደግ ቀን መጣልኝ አልኩ።

አንድ የገበያ ቀን ጉሮሮዬን ከረከረኝና ሄድኩ። ገና "ምን ሆኑ?" ሳትለኝ ቀበቶዬን ፈትቼ፣ ሱሪዬን ዝቅ አድርጌ ጀርባዬን ሰጠኋት። በሩ ክፍት ነው፤ ከጋዝጊብላ የመጣው ገበያተኛ ሁሉ ተራ ይጠብቃል።

"ጋሼ፣ ሱሪዎን ይታጠቁና አፍዎን ይክፈቱልኝ" አለች። አየችኝ። "ጉንፋን ነው፤ መርፌ አያስፈልግዎትም። ለብ ባለ ውሃና ጨው ይጉመጥመጡ።"

"አንቺ ልጅ፣ ውጊኝ ብያለሁ!"

"አልወጋዎትም። ባለተራ ይግባ!" እጇ ንቅንቅ አላለም።

ሳልወጋ መጣሁ ብዬ ለሚስቴ በምን አፌ ልንገራት? ሰፈር ስደርስ ቀኝ እግሬን እጎትት ጀመር። ጎረቤቱ "እግዜር ይማርዎት!" ሲለኝ እኔም አቃስታለሁ።

አመሻሽ ላይ አስካለ ከሥራ ስትመለስ ሚስቴ ደጃፍ ላይ ያዘቻት። "ተባረኪ ልጄ! መርፌሽ ጠንካራ ነው መሰል፣ ይኸው ያነክሳል።"

አስካለ እግሬን አየች፤ ከዚያ ዓይኔን አየች።

"የበሽተኛ ነገር አላወራም፣ እትዬ። ጋሼ፣ ጨውና ውሃውን ግን አይርሱ።"

ሱሪዬ ወርዶ እንኳ እንደዚያ አላፈርኩም።

"እሺ፣ ሲስተር" አልኩና፣ እያነከስኩ ገባሁ።