ደቻቱ ለጥቂት ያልወሰዳት የባሕር ኃይል ሄሊኮፕተር

ታሪክ መጻፍ ፎቶግራፍ እንደ መነሣት ነው። ሰው ፎቶ ቤት ሲገባ የተቀደደ ካልሲውን ጫማው ውስጥ ደብቆ፣ ከረባቱን አጥብቆ፣ ትንፋሹን ውጦ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ የልጅ ልጆቹ ሁሉ አያታቸው ዕድሜውን በሙሉ ትንፋሹን ውጦ የኖረ ይመስላቸዋል። የጦር ክፍል ታሪክም እንዲሁ ነው። ተመሠረተ፣ ተስፋፋ፣ ተመሰገነ ይላል። ካልሲውን ማንም አይጽፈውም።

እኔም በዚህ ዕድሜዬ፣ በሕይወት የቀረነው ባልደረቦች ተሰብስበን፣ የባሕር ኃይሉን የሄሊኮፕተር ክፍል ታሪክ በአራት ገጽ እንዳዘጋጅ ተመርጫለሁ። የተመረጥኩት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን የጨረስኩ በመሆኔ፣ የእጅ ጽሕፈቴም የሚነበብ በመሆኑ ነው፤ ይህን የምለው ለመኩራት ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። ሦስቱ ገጽ ያለ ችግር አለቀ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ምጽዋ ላይ እንዴት እንደኖርን፣ የባሕር አየር ብረትን እንደ ምስጥ ይበላልና ሄሊኮፕተሮቹን በየማለዳው እንደ ሙሽራ በቅሎ እንዴት እናጥባቸው እንደነበር፣ መርከበኞቹ "ወፎች"፣ አየር ኃይሎቹ ደግሞ "ዓሦች" እያሉ እንዴት ይቀልዱብን እንደነበር ጻፍኩ። የሌሊት ወፍ ኑሮ ነበር፤ ወፎቹም አይጦቹም የእኛ ነው አይሏችሁም። አራተኛው ገጽ ላይ ግን ብዕሬ ቆመ። አራተኛው ገጽ ድሬዳዋ ነዋ።

ባሕር በሌለበት ድሬዳዋ የባሕር ኃይል ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። አባቴም ያሉት ይህንኑ ነው።

አባቴ በዚያው በድሬዳዋ ከሐዲድ የወጣ ፉርጎ የሚያነሡ የባቡር ሠራተኞች አለቃ ነበሩ። እኔ የባቡሩን ሥራ ትቼ ለባሕር ኃይል ስፈርም፣ "ሐዲድ የሌለው ነገር መጨረሻው አይታወቅም" ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ደብዳቤ ስጽፍላቸው መልሱን የምትልክልኝ እናቴ ነበረች። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ታዲያ አንድ የክረምት ቀን፣ እኔ መካኒክ ሆኜ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አሰብ ስንበር ነዳጅ ለመሙላት ድሬዳዋ ወረድን። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሞልተን ልንነሣ ስንል አብራሪያችንን ሌፍተናንቱን፣ "ጌታዬ፣ ከተማው መሃል ደቻቱ የሚባል እንደ ሜዳ የተንጣለለ አሸዋ አለ። ሕዝቡ ሄሊኮፕተራችንን በቅርብ ቢያያት ለክፍሉ ስም መልካም ነው" አልኳቸው። የክፍሉ ስም ማለቴ የእኔ ስም ማለቴ ነበር። የአባቴ ቤት ከአሸዋው ዳር ነው፤ ከሰማይ ስወርድ እንዲያዩኝ ፈልጌያለሁ።

ሌፍተናንቱ የጎጃም ሰው ናቸው። "ደቻቱ ወንዝ አይደለም እንዴ?" አሉኝ።

"በስም ብቻ ነው፣ ጌታዬ።"

አሸዋው ላይ አርፈን አቧራው ሲረግብ ሰፈሩ ሁሉ ዳር ቆሟል። አባቴም ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ተያየን። አንድ እርምጃ አልቀረቡም። ሌፍተናንቱ በአንድ የከተማው ሹም ተጋብዘው ሻይ ሊጠጡ ሲሄዱ፣ እኔ አሸዋ የዋጠውን የሞተር አየር ማጣሪያ ፈትቼ ብሎኖቹን ሸራ ላይ ደረደርኩ። ለማጽዳት ነው። አባቴም የልጃቸውን እጅ እንዲያዩ ነው።

ወተት ሻጯ አዴ ፋጡማ ዕቃቸውን ከአሸዋው ላይ አንሥተው በአጠገቤ ያለፉት ይኼኔ ነው። "ወሪያ፣ አንተ ልጅ፣ ወንዙ እየመጣ ነው። ይቺን ዝንብህን አንሣ" አሉኝ።

ቀና አልኩ። በላያችን ያለው ሰማይ እንደ ታጠበ ሰሃን ጠርቷል። በደንገጎ በኩል ግን ተራራው ጠቁሯል፤ ግመሎቹም ከአሸዋው እየተነዱ ይወጣሉ። የድሬ ልጅ ይህንን ለማወቅ ትምህርት ቤት አይገባም፤ ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ እናንተ ፀሐይ እየሞቃችሁ ሳለ ይደርስባችኋል። ነገር ግን መለዮ ለብሻለሁ፣ አባቴም ያዩኛል።

"አዴ፣ እኔ የመጣሁት ከቀይ ባሕር ነው። ውሃ አያስተምሩኝ።"

"ቀይ ባሕር ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቅህ። ደቻቱ ግን ራሱ ይመጣልሃል" አሉኝና ሄዱ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ይህን ያለው ሰው ደቻቱን አያውቀውም። ደቻቱ የሚወስደው እያጓራ ነው። ድምፁን ስሰማ በእጄ የነበረው ብሎን አሸዋው ውስጥ ገባ። ሌፍተናንቱ እየሮጡ ደርሰው፣ "ሞተሩን አዘጋጅ" አሉኝ። ሸራው ላይ የተበተነውን አሳየኋቸው። የመለሱልኝን ቃል በአራቱ ገጽ ውስጥ አላስገባውም።

ያን ጊዜ አባቴ ያጣመሩትን እጅ ፈቱ። "አጥሬን ንቀሉ" አሉ፤ በጩኸት ሳይሆን ፉርጎ በሚያነሡበት ድምፅ። አጥራችን የቆመው ከሐዲድ ሥር በሚነጠፍ አሮጌ እንጨት ነበር። ጓደኞቻቸው እንጨቱን ነቃቅለው ከሄሊኮፕተሯ እግር ሥር ደረደሩት፤ ግመል ነጂዎቹ ገመዳቸውን ሰጡ፤ አባቴ ሲቆጥሩ ባቡረኛው፣ ግመለኛው፣ ሌፍተናንቱም ሳይቀሩ ጎተቱ። ጅራቷ ከዳር ወጣ እንዳለ ውሃው ቆማበት በነበረው ቦታ ላይ ድንጋይ እያንከባለለ አለፈ። ሸራዬን፣ ማጣሪያዬን፣ ብሎኖቼንም ይዞ ሄደ። መለዋወጫው በሦስተኛው ቀን ደረሰልን። በባቡር።

አባቴ ጭቃቸውን እያራገፉ ወደ እኔ መጡ፤ ከሄሊኮፕተሯ ሥር የተነጠፈውን እንጨትም በጫማቸው ነካ አደረጉት። "በል፣ አሁን ሐዲድ አላት" አሉኝ። "ና፣ ቤት ግባና ብላ።"

የሌፍተናንቱ ሪፖርት "በድንገተኛ ጎርፍ ጊዜ የተሳካ የማዳን ልምምድ ተደርጓል" ይላል። ለእኔም የምስጋና ወረቀት ደረሰኝ፤ እስከ ዛሬ ግድግዳዬ ላይ ትንፋሹን ውጦ ተሰቅሏል።

በአራተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ "እኔ ባገለገልኩበት ዘመን ባሕሩ ከሄሊኮፕተሮቻችን አንዷንም አልተመኘብንም። አንዷን የተመኘው ወንዝ ነበር፤ ያዳናትም የባቡር ሠራተኛ ነው።" ባልደረቦቼ ይህ የክፍሉን ስም ያጎድፋል ብለው ሊሰርዙት ይችላሉ። ይሰርዙት። አጥራችንን መልሰን ስናቆም አንድ እንጨት ጎርፉ ወስዶት ነበር፤ አባቴም እስኪሞቱ ድረስ ክፍተቱን አላስደፈኑትም። ሰው ሲጠይቃቸው፣ "ተዉት፣ ልጄ የተመለሰበት በር ነው" ይሉ ነበር።

አሁን የጎረቤት ፍየል ይገባበታል።